ኳሱም ደብተሩም

ልጃችሁ «ክለብ ሊያስፈርመኝ ነው፤ ዩኒቨርሲቲውን ልተወው?» ቢላችሁ ምን ትመልሱለታላችሁ?

እዚህ ጠዳ አንድ ደረሳዬ ይህንኑ ጠይቆኝ ነበር። «ከሁለቱ አንዱን ምረጥ» አልኩት። ኳሱን መረጠ። በሁለተኛው ዓመት ጉልበቱን ተጎዳ፤ ውሉም አልታደሰለትም። ዛሬ ሰላም ሲለኝ ቀና ብዬ ማየት ያቅተኛል።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ጋር በሩጫ መሽቀዳደማቸውን እያስተማርኩ፣ ስፖርትን የዕውቀት ጠላት አድርጌ ማየቴ ስሕተት ነበር። የሶማሊያው አብዲ ቢሌ በአሜሪካ ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ እየተማረ ይሮጥ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1987 ሮም ላይ በ1500 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። የአገራችን ተወላጅ ሲፋን ሐሰንም በስደት ሆላንድ ገብታ ሩጫ የጀመረችው ነርስነት እየተማረች ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ፓሪስ ላይ የማራቶን ወርቅ ወሰደች።

ጉልበት አማና ነው፤ ባለቤቱ በሻው ጊዜ ይወስደዋል። ዕውቀት ግን ከሜዳ ስንወጣ አብሮን ይወጣል። እንግዲህ ልጃችሁ ከመፈረሙ በፊት አብራችሁት ሂዱ። ክለቡን «ፈተና ሲደርስ ትለቁታላችሁ?» በሉት፤ ዩኒቨርሲቲውንም ስለ ማታው ትምህርት ጠይቁ። እኔ ያልጠየቅሁለት ይህንን ነው።

አላህ ይማረኝ፤ ልጆቻችንንም በሁለቱም ያበርታልን። አሚን።