ያልተነሣ ራጅ አይነበብም

ለወጣቶች በማስተምርበት ክፍል፣ ፈተና ሲቃረብ የማይቀር ጥያቄ አለ፦ «መምህር፣ ይህ ማትሪክስ የሚሉት ነገር በሕይወቴ ምን ይጠቅመኛል?» እናንተም ጠይቃችሁ ይሆናል። እኔም በአንድ ምሳሌ ልመልስላችሁ።

ማሞግራም የጡት ራጅ ነው። ለዓይናችን ግራጫ ፎቶ ቢመስልም ለኮምፒውተር ግን በረድፍና በዓምድ የተደረደረ የቁጥር ሰንጠረዥ ነው፤ ማትሪክስ ማለት ይኸው ነው። እያንዳንዱ ቁጥር የአንዲትን ነጥብ ድምቀት ይናገራል። የካንሰር የመጀመሪያ ምልክት አንዳንድ ጊዜ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያነሱ፣ አንድ ቦታ የተሰበሰቡ የካልሲየም ቅንጣቶች ናቸው። በራጅ ላይ ነጭ ሆነው ይታያሉ፤ ጥቅጥቅ ያለ ጡትም እንዲሁ ነጭ ነው። ነጭን በነጭ ላይ መፈለግ የሠለጠነ ዓይንን እንኳ ያደክማል።

ሒሳቡ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ከእያንዳንዱ ቁጥር ላይ የጎረቤቶቹን አማካይ ቀንሱ። ነጥቡ 120፣ አማካዩ 118 ከሆነ ልዩነቱ 2 ነው፤ እለፉት። ነጥቡ 160 ከሆነ ግን ልዩነቱ 42 ነው፤ እዚያ ቆም በሉ። ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ የነጥቦቹን መጠን፣ ቅርጽና አሰባሰብ ይመዝናል።

መንገዱ አልጋ በአልጋ አልነበረም። በአሜሪካ የመጀመሪያው እንዲህ ያለ መሣሪያ በ1998 እ.ኤ.አ. ተፈቀደ፤ በ2007 የታተመ ጥናት ግን ካንሰር የሌለባቸውን ብዙ ሴቶች ለተጨማሪ ምርመራ እንደሚያስጠራ አሳየ። የዛሬዎቹ ፕሮግራሞች ውጤታቸው ከታወቀ እጅግ ብዙ ምስሎች ይማራሉ። በስዊድን ከ80,000 በላይ ሴቶች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ተመረመሩ። በ2023 በወጣው ውጤት፣ በተለመደው መንገድ 203፣ በኮምፒውተር በታገዘው 244 ሴቶች ላይ ካንሰር ተገኘ። ራጅ የማንበቡ ሥራም በ44 በመቶ ቀለለ። የመጨረሻውን ውሳኔ የሰጡት ግን ሐኪሞች ናቸው።

በአገራችን ሴቶች ላይ ከካንሰር ሁሉ በብዛት የሚታየው የጡት ካንሰር ነው። ማሞግራም ግን በየከተማው የለም፤ ብዙዎችም ሕክምና የሚደርሱት ዘግይተው ነው። የእናቴ ታናሽ እህት እብጠቱን ካወቀችው በኋላ ስምንት ወር ሙሉ ለማንም አልተናገረችም። «አላመመኝም እኮ» አለችን በኋላ። ዛሬ በመካከላችን የለችም። ያልተነሣ ራጅ የሚያነብ ሒሳብ የለም።

ስለዚህ ሒሳብ የምትወዱ ጠንክራችሁ ተማሩ፤ ይህ ሥራ ሠራተኛ ይፈልጋል። ሁላችሁም ግን በዚህ ሳምንት እናቶቻችሁን፣ እህቶቻችሁንና አክስቶቻችሁን አነጋግሩ። ጡት ላይ እብጠት፣ የቆዳ መጨማደድ ወይም ከጡት ጫፍ የሚወጣ ደም ካዩ፣ ባያማቸውም እንዲታዩ ንገሯቸው። ጸሎትና ምርመራ አይጣሉም። አብራችኋቸው ጸልዩ፤ ከዚያም ተነሥታችሁ አብራችኋቸው ሐኪም ቤት ሂዱ።