ሚዛን የማይደፋው ማያያዣ

ዙሪክ ውስጥ አሮጌ ጋዜጣ የሚወገደው በገመድ ታስሮ ነው፤ ካርቶን ለብቻው ይሰበሰባል። ጄኔቫ ውስጥ ግን ወረቀትና ካርቶን አንድ ላይ ይጣላሉ። ከአዲስ አበባ መጥቶ በሁለቱም ከተሞች የኖረ ሰው ልዩነቱን እንደ አስተዳደር ጠባይ ያየው ይሆናል። አሮጌውን ወረቀት ተቀብሎ እንደገና ለሚፈጨው ፋብሪካ ግን ጥያቄው የኬሚስትሪ ነው፦ ወረቀቱ ምን ተቀብቷል? በምንስ ተጣብቋል? በውኃ የማይሟሟ ሙጫ ከክሩ ጋር ሲፈጭ ጥቃቅን ተለጣፊ ጓል ይሆናል፤ ማሽኑን ያቆሽሻል፣ አዲሱን ወረቀት ይበሳሳል።

የሚያንጸባርቅ የመጽሔት ገጽ የእንጨት ክር ብቻ አይደለም። ከክሩ በላይ ስስ የማዕድን ልባስ ተቀብቷል፤ ብዙውን ጊዜ ካልሲየም ካርቦኔት ወይም ካኦሊን የተባለው ነጭ ሸክላ ነው። ማዕድኑ ብቻውን ቢቀባ እንደ ጠመኔ እጅ ላይ ይቀራል። ከወረቀቱም እርስ በርሱም የሚያጣብቀው ማያያዣ ያስፈልገዋል። በሙያው ልማድ ሁሉም ነገር የሚሰላው በ100 እጅ ማዕድን ነው፤ ማያያዣው አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 20 እጅ ቢሆን ነው። በክብደት ትንሽ ቢሆንም ቀለሙ ተስተካክሎ እንዲያዝ፣ ገጹ ሲታጠፍ እንዳይሰነጠቅ የሚወስነው እሱ ነው።

ማያያዣዎቹ በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው ከበቆሎ፣ ከስንዴ፣ ከድንች ወይም ከካሳቫ የሚወጣው ስታርች ነው። ርካሽ ነው፣ ወረቀቱን ያጠነክራል፣ ውኃም ይይዛል። ነገር ግን ተቀቅሎ ሲወፍር ድብልቁን ያከብደዋል፤ ስለዚህ አስቀድሞ በኢንዛይም ወይም በኦክሳይድ መቅጠን አለበት። ሁለተኛው ላቴክስ ነው። ስሙ የጎማ ዛፍን ወተት ቢያስታውስም፣ በወረቀት ሥራ ላይ የሚውለው በአመዛኙ ከነዳጅ ዘይት ተዋጽኦዎች፣ ከስታይሪንና ከቡታዳይን የተሠራ ነው። ውኃ ውስጥ የተንሳፈፉ ጥቃቅን የፕላስቲክ ቅንጣቶች ውኃው ሲተን ይቀላቀሉና ስስ ሽፋን ይሆናሉ። እርጥበትን ይቋቋማል፣ ይተጣጠፋል፤ ዋጋው ግን ከነዳጅ ገበያ ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። ፋብሪካዎች ሁለቱን የሚያቀላቅሉት በዚህ ምክንያት ነው፤ ምጣኔውም የቴክኒክ ብቻ ሳይሆን የዋጋ ውሳኔ ነው።

በካርቶን ግን ስታርች እስካሁን ንጉሥ ነው። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የተፈለሰፈው ዘዴ ዛሬም ይሠራበታል፦ ጥቂቱ ስታርች ተቀቅሎ ተሸካሚ ይሆናል፣ ቀሪው ጥሬ ሆኖ በውስጡ ይንሳፈፋል። ኮስቲክ ሶዳ ጥሬው የሚበስልበትን ሙቀት ዝቅ ያደርጋል፣ ቦራክስ ማጣበቂያውን ያጠነክራል። የጋለው ማሽን ሞገዱን ወረቀት ከጠፍጣፋው ጋር ሲጫን ስታርቹ እዚያው ይበስላል። በአጭሩ፣ ካርቶን የሚጣበቀው በገንፎ ነው።

ይህ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ ነገር አይደለም። በየሰፈሩ ግድግዳ ላይ ጋዜጣ የተለጠፈው፣ ማስታወቂያ የተሰቀለው በተቀቀለ ዱቄት ነበር። ከግራር የሚንጠባጠበው ሙጫም ከጥንት ጀምሮ የታወቀ፣ ዛሬም ወደ ውጭ የሚላክ ምርት ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቡላ አለ። እንሰት ተፍቆ ሲጨመቅ የሚወጣው ውኃ ሲረጋ ታች የሚዘቅጠው ነጭ ነገር ስታርች ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የፋርማሲ ምሁር ጽጌ ገብረ ማርያም ከጀርመናዊ ባልደረባቸው ጋር የእንሰት ስታርችን ባሕርይ መርምረው አሳትመዋል። ለመድኃኒት እንክብል ማያያዣነትም ፈትነውታል። ዕውቀቱ አለ ማለት ነው። የጎደለው ከቤተ ሙከራው እስከ ፋብሪካው በር ያለው መንገድ ነው።

ያንን መንገድ በስዊዘርላንድ መመልከት ይጠቅማል። ጄኔቫንና ዙሪክን በሚያገናኘው አውራ ጎዳና አጠገብ ኦፍትሪንገን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ጎትፍሪድ ፕሉስ እ.ኤ.አ. በ1884 እዚያ የስቱኮ ሥራ ጀመረ። ስቱኮ ጠመኔ በተልባ ዘይት ተለውሶ የሚሠራ የመስኮት መለጠፊያ ነው። ያ ድርጅት ዛሬ ኦምያ ይባላል፤ ለዓለም የወረቀት ፋብሪካዎች ካልሲየም ካርቦኔት ከሚያቀርቡት ትልልቆቹ አንዱ ነው። ስሙ የተወሰደው በፈረንሳይ ሻምፓኝ አውራጃ ከሚገኝ ጠመኔ ከሚወጣበት መንደር ነው። በአንጻሩ ዙሪክ ውስጥ በዚል ወንዝ ዳር የነበረው የወረቀት ፋብሪካ ቦታ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ዚልሲቲ የተባለ የገበያ ማዕከል ሆኗል። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ ፋብሪካው ቢዘጋም የግብዓቱ ዕውቀት ሊተርፍና ሊያድግ ይችላል። የኢትዮጵያ የኢንዱስትሪ ውይይት ግን ዓይኑን የሚጥለው ባለቀለት ዕቃ ላይ ነው፤ ወረቀቱን በአገር ውስጥ ማምረት ይታሰባል፣ የሚያያይዘው ግን ይረሳል።

ሆኖም «ቡላን ወደ ፋብሪካ» ብሎ መፈክር ማንሳት አደጋ አለው። እንሰት ለ20 ሚሊዮን ያህል ሰው ምግብ ነው፤ ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል፤ ፍቂያው በአመዛኙ የሴቶች ከባድ ሥራ ነው። ፋብሪካ ቡላ መግዛት ቢጀምር ዋጋው ይንራል፤ ትርፉ ለፋቂዋ መድረሱ ግን የተረጋገጠ አይደለም፤ በድርቅ ዘመን የምትተማመንበትን ስንቅ ሊያሳጣት ይችላል። በተጨማሪ ፋብሪካ የሚፈልገው ዛሬም ነገም አንድ ዓይነት ውፍረት ያለው ስታርች ነው፤ ይህን ከሺህ ጓሮዎች ማሰባሰብ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፦ መጀመሪያ የመፋቂያ መሣሪያና የጥራት ደረጃ፣ ቀጥሎ ለካርቶን ማጣበቂያ በካሳቫና በበቆሎ መሞከር፣ ቡላን ግን ከፍተኛ ዋጋ ለሚያወጣው ለመድኃኒት ማቆየት።

ጉዳዩ የጄኔቫም ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅትን ለመቀላቀል ያመለከተችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ በድርድሩ የሚነሳው የቀረጥ ጥያቄ ስታርችንና ላቴክስን ይነካል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2025 ያጸናው የማሸጊያ ደንብ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. ከ2030 ጀምሮ ወደ ገበያው የሚገባ ማሸጊያ በአመዛኙ እንደገና ወደ ጥሬ ዕቃነት መመለስ የሚችል እንዲሆን ይጠይቃል። ጽጌረዳ የታሸገበት ካርቶንም ከዚህ አያመልጥም። አበባው በቅዝቃዜና በእርጥበት ስለሚጓዝ ተራ የስታርች ሙጫ ሊላቀቅ ይችላል፤ ውኃ እንዲቋቋም የሚጨመርበት ሬዚን ደግሞ ለፈጪው ፋብሪካ ችግር ይሆናል። ላኪው በሁለቱ መካከል ተጨንቆ ይቆማል።

ጄኔቫ ውስጥ የንግድ ረቂቅ የምታነበው ባለሙያና ዙሪክ ውስጥ በቤተ ሙከራ የሚሠራው መሐንዲስ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተገናኝተው አያውቁ ይሆናል። አንዷ የቀረጥ መስመሩን ታውቃለች፤ አንዱ የሙጫውን ውፍረት ይለካል። ሁለቱ አንድ ገጽ ማስታወሻ አብረው ጽፈው ለሚመለከተው ሚኒስቴር ቢልኩ፣ የካርቶኑ ሙጫ ከየት ይገዛል የሚለው ጥያቄ ደንቡ ተግባራዊ ከመሆኑ በፊት መልስ ሊያገኝ ይችላል።