«አልበርም» ለማለት መዘጋጀት

ለሥራ ፈተና የምትሄድ ሴት ከቤት ስትወጣ የሚሰጣት ምክር ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። «ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ፤ አትከራከሪ፤ ያሉሽን ሁሉ እሺ በዪ» ትባላለች። ምክሩ ከክፋት የመጣ አይደለም። እናቶቻችንና አክስቶቻችን በዚሁ ምክር ተቀጥረው፣ በዚሁ ሠርተው ልጆች አሳድገዋል። ይሁንና ታናሽ እኅቴ ለአይሮፕላን አብራሪነት የቃል ፈተና ስትዘጋጅ ሁለት ወር ያህል አብሬያት ሳጠና፣ ይህ የኖርንበት ምክር ለዚያ ሥራ ካለመጥቀሙም በላይ የሚጎዳ መሆኑን ተመለከትኩ። ነገሩ አብራሪ ለመሆን አስበው የማያውቁትንም እኅቶች የሚነካ ስለ መሰለኝ እነሆ በዚህ ዓምድ አቅርቤዋለሁ።

እኅቴ የምትኖረው በአሜሪካ፣ በቨርጂኒያ ነው። ባለትዳርና የአምስት ዓመት ሴት ልጅ እናት ናት። ለፈተና የጠራት አነስተኛ የጭነት አየር መንገድ ነው። «አነስተኛ» ሲባል ምን ማለት እንደ ሆነ ትንሽ ማብራራት ያስፈልጋል። ትልልቆቹ የጥቅል አመላላሾች ጭነቱን ሌሊት በጄት ወደ አንድ ትልቅ ከተማ ያደርሱታል። ከዚያ ወዲያ ወደ ትንንሾቹ ከተሞች የሚወስዱት እንዲህ ያሉ ኩባንያዎች ናቸው። አብራሪዋ ጎህ ሳይቀድ ትነሣለች፤ መድኃኒቱን፣ የመኪና መለዋወጫውን፣ ሰው ያዘዘውን ጫማ አድርሳ ቀኑን እዚያው ትውላለች፤ ማታ ደግሞ የተሰበሰበውን ጥቅል ጭና ትመለሳለች። አይሮፕላኑ በአብዛኛው ሴስና ካራቫን የሚባለው፣ በአገራችንም ለኪራይ በረራ የሚያገለግለው ዓይነት ነው። ሞተሩ አንድ ነው፤ ከአንድ ሺህ ኪሎ የሚበልጥ ጭነት ይሸከማል። አብራሪዋ ብቻዋን ናት። ከጎኗ የምታማክረው ረዳት የለም፤ ከኋላዋም ካርቶን እንጂ ሰው የለም።

የአሜሪካ ሕግ፣ ደመና ውስጥም ቢሆን በመሣሪያ እየተመራች እንዲህ ያለ ጭነት ለምታጓጉዝ አብራሪ ቢያንስ 1,200 የበረራ ሰዓት ይጠይቃል። ከዚህ ውስጥ 500ው ከከተማ ወደ ከተማ፣ 100ው በሌሊት፣ 75ቱ ደግሞ ውጭውን ሳያዩ በመሣሪያ ብቻ የተበረረ መሆን አለበት። እየተከፈለ ለመብረር የሚያበቃው ፈቃድ ግን በ250 ሰዓት ሊገኝ ይችላል። በ250 እና በ1,200 መካከል ያለውን ሜዳ እያንዳንዱ እንደ አቅሙ ያቋርጠዋል። እኅቴ ሌሊት ሌሊት አረጋውያንን እየተንከባከበች የትምህርቱን ክፍያ በየወሩ ከፈለች፤ ኋላም የበረራ አስተማሪ ሆና ሌሎችን እያስተማረች ሰዓቷን አጠራቀመች። ዘጠኝ ዓመት ፈጅቶባታል። መዝገቧ 1,340 ሰዓት ሲሞላ ለሰባት ኩባንያዎች አመለከተች። ጠርቶ ሊያነጋግራት የፈቀደው ይህ አንዱ ብቻ ነበር።

ወሬው በሰፈራችን ሲሰማ አንዲት ወይዘሮ «ሴት ልጅ ብቻዋን፣ በሌሊት፣ በሰማይ?» ብለው ጠየቁ። ችሎታን በተመለከተ መልሱ ከእጃችን አለ። ካፒቴን አምሳለ ጓሉ በ2003 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆናለች፤ በኅዳር 2008 ዓ.ም. ደግሞ ሠራተኞቹ በሙሉ ሴቶች የሆኑበትን በረራ ወደ ባንኮክ መርታለች። ብቻ ስለ መሆን ከተነሣም፣ ጄሪ ሞክ የተባለች አሜሪካዊት የሦስት ልጆች እናት በ1964 እ.ኤ.አ. በአንዲት ባለ አንድ ሞተር አይሮፕላን ብቻዋን ዓለምን በ29 ቀን ዞራ ወደ ቤቷ ተመልሳለች። ወይዘሮዋ ይህን ሰምተው «ልጆቹን ማን ያዘላት?» አሉ። ወደዚህኛው ጥያቄ በኋላ እመለሳለሁ።

እኅቴ ስትደውል ያለችኝ «መጠየቅ ሥራሽ አይደለም? እንግዲያው ጠይቂኝ» ነው። ልጇን አስተኝታ ስትጨርስ እዚያ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት፣ አዲስ አበባ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ይሆናል። እናታችን በዚያ ሰዓት ለጸሎት ስለምትነሣ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርገን ጠረጴዛ ላይ እናስቀምጠዋለን። ጥያቄዎቹ በእንግሊዝኛ ናቸው፤ እኔ አነባለሁ፤ ለእናቴ እተረጉማለሁ። የበረራን ነገር አላውቅም። ነገር ግን ሰው መልሱን ሲያውቅና ሲያድበሰብስ ለይቶ መስማት ጋዜጠኝነት የሚያስተምረው ነገር ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በሙያ ጥያቄዎች አለፉ። ደመና ውስጥ ሳለሽ ሬዲዮው ቢበላሽ ምን ታደርጊያለሽ? በመለያ መሣሪያዋ ላይ 7600 የሚለውን ቁጥር ትሞላለች፤ ይህን ያዩ የምድር ተቆጣጣሪዎች ሬዲዮዋ እንደ ጠፋ ያውቃሉ፤ እርሷም በተፈቀደላት መስመር ትቀጥላለች። አይሮፕላን በደጋ አገር ረጅም መንደርደሪያ የሚፈልገው ለምንድን ነው? ይህንን ስተረጉም እናታችን ቀደመቻት። «አየሩ ስለሚሳሳ ነዋ! ደብረ ብርሃን ላይ ባቄላ መች ቶሎ ይበስላል?» አለች። በእርግጥም ምክንያቱ አንድ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለ ውሃው በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ድስቱ ይዘገያል፤ በዚያው አንጻር ክንፉ የሚደገፍበት፣ ሞተሩም የሚተነፍሰው አየር ያንሳል። እኅቴ የባቄላውን ምሳሌ በእንግሊዝኛ አጥንታ ያዘችው።

ችግሩ የመጣው ስለ ራሷ ስትጠየቅ ነው። «በበረራ ላይ ችግር ሲገጥምሽ ምን እንደ ወሰንሽ ንገሪን» የሚል ጥያቄ አለ። አንድ ጊዜ ከተማሪ ጋር ሳለች የሞተሩ ዘይት ግፊት ሲወርድ አይታ በቅርብ ባገኘችው ሜዳ ማሳረፏን አውቃለሁ። ስትነግረኝ ግን «እግዚአብሔር ረዳንና አረፍን» አለች። ማን አየው? «አየነው።» ማን ወሰነ? «ተወሰነ።» አብሯት የነበረው ተማሪ እኮ ሃያ ሰዓት እንኳ ያልበረረ ልጅ ነው! ራስን አለማወደስ ያደግንበት ጨዋነት ነው፤ እንዲጠፋም አልሻም። ሆኖም ፈታኙ የሚፈልገው ብቻዋን የምትወስን ሰው እስከ ሆነ ድረስ «ተወሰነ» የሚል መልስ ውሳኔውን ባለቤት ያሳጣዋል። አራት ሌሊት ለፋንበት። በአምስተኛው «ግፊቱ ሲወርድ አየሁ፤ መሪውን ከተማሪው ተቀበልኩ፤ በስምንት ደቂቃ ውስጥ አሳረፍኩ» አለች። እግዚአብሔርን በልቧ ታመስግን፤ ማን ይከለክላታል?

ወድቃበት የነበረውን ፈተናም እንዲሁ አነሣነው። በመሣሪያ የመብረርን ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ስትወስድ አላለፈችም ነበር፤ እንዳይነሣባት ትመኛለች። ነገር ግን ቀጣሪው የአብራሪን መዝገብ እንዲመረምር ሕጉ ስለሚያስገድደው የሚደበቅ ነገር የለም። ስለዚህ ሳይጠይቋት ራሷ እንድታነሣው ተስማማን። በአንድ ዓረፍተ ነገር ምን እንዳጠፋች፣ በሁለተኛው ምን እንዳስተካከለች ትናገራለች፤ ከዚያ ዝም ትላለች። ዝም ማለቱ ከሁሉ ከበዳት። ሴቶች ለጥፋታችን ይቅርታ መደራረብ እንወዳለን።

የዝግጅቱ ሁሉ ዋና የሆነው ግን የበረዶው ጥያቄ ነው። በክረምታቸው ደመና ውስጥ የሚበር አይሮፕላን ክንፍ ላይ በረዶ ይጋገራል። ጉዳቱ ክብደት መጨመሩ ብቻ አይደለም፤ የክንፉን ቅርጽ ያበላሽና አየሩ እንዳይደግፈው ያደርጋል። ካራቫንን የመሰለው ትንሽ አይሮፕላን በዚህ ረገድ ብዙ ጥንቃቄ ይሻል፤ በበረዶ ምክንያትም የብዙ አብራሪዎች ሕይወት ጠፍቶበታል። ገና ሳይነሡ በምድር ላይ ክንፉን የሚሸፍነው ስስ በረዶ ደግሞ እንደ መስታወት የጠራ ሊሆን ስለሚችል ዓይን ይስተዋል። ስለዚህ አብራሪዋ መሰላል ላይ ወጥታ ክንፉን በእጇ ትዳስሳለች፤ ልጅ ትኩሳት እንዳለው ለማወቅ ግንባሩን እንደምንዳስሰው ማለት ነው።

ጥያቄው እንዲህ ይላል። ሌሊት ነው። ጭነቱ ተጭኗል። ትንበያው በመስመርሽ ላይ ከባድ በረዶ እንዳለ ይናገራል። አለቃሽ ደውሎ «ሌላው አብራሪ ትናንት በዚሁ አየር ሄዷል፤ አንቺ ምን ሆንሽ?» ይልሻል። ምን ትመልሺለታለሽ?

አለቃውን ሆኜ የተናገርኩት እኔ ነኝ። እኅቴ መጀመሪያ «ትንሽ ልጠብቅና ልሞክር» አለች። «ደንበኛው ይጠብቃል» አልኳት። «እንግዲህ ካላችሁ…» አለች። «ጭነቱ እኮ መድኃኒት ነው፤ ይህን ካልቻልሽ ለምን ተቀጠርሽ?» አልኳት። መልስ ጠፋ፤ ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። በቤታችን ልጅ ለታላቁ «እምቢ» አይልም፤ እርሷም ለእኔ ብላ አታውቅም። ቆይታ፣ ከወትሮው በወፈረ ድምፅ «አልበርም» አለች። «አየሩ ሲሻሻል ራሴ እደውላለሁ። በዚህ አየር ግን አልበርም።»

እናቴ «ምን አለች?» አለችኝ። «አልበርም አለች።»

«አለቃዋን?»

«አዎን፣ አለቃዋን።»

እናታችን መቁጠሪያዋን እያሻሸች ጥቂት አሰበች። ከዚያም ወደ ስልኩ ጠጋ ብላ «ልጄ፣ መጀመሪያ ጌታዬ በዪና ከዚያ አልበርም በዪው» አለቻት። ከዚህ የተሻለ ምክር ከየትኛውም አሠልጣኝ ይገኛል ብዬ አላምንም። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ እየደጋገምኩ ስጫናት፣ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ ሳትቆጣ፣ ያንኑ ቃል ትመልስልኛለች። ያላነበበችው ሰነድ ላይ የፈረመች ገንዘብ ያዥ፣ መከላከያው የወለቀ ማሽን ላይ ተቀመጪ ተብላ የተቀመጠች የፋብሪካ ሠራተኛ በሥራዬ አነጋግሬአለሁ። ሁለቱም ልክ አለመሆኑን ያውቁ ነበር። ያልተለማመዱት አፍ አውጥቶ መናገሩን ነው።

አሁን ወደ ወይዘሮዋ ጥያቄ ልመለስ። ፈታኞቹ «ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ሥራ ቦታ መገኘት ትችያለሽ?» ብለው እንደሚጠይቁ የታወቀ ነው። እኅቴ በልምምዱ ላይ ስለ ባሏ ፈረቃ፣ ስለ ጎረቤቷ፣ ስለ ልጇ ትምህርት ቤት መዘርዘር ስትጀምር አስቆምኳት። ወንዱ አመልካች ይህን ሁሉ ይዘረዝራል? የተጠየቀችው ሰዓቱን ነው፤ መልሱ «አዎን፣ እችላለሁ» ነው። ይሁን እንጂ መልሱ እውነት እንዲሆን ቤት ውስጥ ሌላ ስብሰባ ያስፈልግ ነበር። ባሏ ሹፌር ነው፤ እስከ እኩለ ሌሊት ይሠራል። ከብዙ ንግግር በኋላ ሥራውን ልጅቷን ትምህርት ቤት ካደረሰ ወዲያ እንዲጀምር፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ አንዲት የአገራችን እናት እንዲቀበሏት ተስማሙ። ይህኛው ድርድር ከበረዶው ጥያቄ ያነሰ ልምምድ አልጠየቀም።

ፈተናው በታኅሣሥ ተደረገ። ሁለት ሰዓት ፈጀ። የኩባንያው ዋና አብራሪ የበረራ መዝገቧን ገጽ በገጽ እያገላበጠ ድምሩን አመሳከረ። የወደቀችበትን ፈተና ራሷ አነሣች፤ አንገቱን ነቅንቆ አለፈው። የከፍታው ጥያቄ ሳይመጣ ቀረ፤ እናታችን ስለ ባቄላው እስከ ዛሬ ቅር ይላታል። በረዶውም አልተጠየቀም። በምትኩ የጠየቃት «ጫኚው ክብደቱን ሳይመዝን፣ እንደ ትናንቱ ነው ቢልሽስ?» ብሎ ነው።

«ጌታዬ፣ ካልተመዘነ አልበርም» አለች።

«ግማሽ ሰዓት ብንዘገይስ?»

«ግማሽ ሰዓት እንዘገያለን።»

ዋናው አብራሪ ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጽፎ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ሄደ። ምን እንደ ጻፈ ለማየት ዓይኗን ወርውራ እንደ ነበር፣ ነገር ግን ጽሕፈቱ እንደ ሐኪም ጽሕፈት የማይነበብ እንደ ነበር ነግራኛለች።

የመቀበያው ደብዳቤ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ደረሳት፤ ሥልጠናውንም በጥር ጀመረች። ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ትነሣለች፤ ቡናዋን ቆማ ትጠጣለች፤ ልጇን ሳትቀሰቅስ ትወጣለች። የጠዋቱን ተራ ባሏ ይዟል። ቁርሱን ይሠራል፤ ቦርሳውን ያዘጋጃል፤ ትምህርት ቤትም በሰዓቱ ያደርሳታል። ፀጉር መጎንጎን ግን ገና አልሆነለትም፤ ልጅቷ በሳምንት ሦስት ቀን ባርኔጣ አድርጋ ትሄዳለች።