ያልጻፍሁት «አሳምፕሽን»

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን አባላት፥ የስታቲስቲክስ መምህራችን ስሌት ከመጀመራችን በፊት ሁልጊዜ «አሳምፕሽናችሁን ጻፉ» ይሉናል። ሳይረጋገጥ እንደ እውነት ይዘን የምንነሣውን ግምት ማለታቸው ነው። መገመታችንን አይነቅፉም፤ ሳንጽፈው ካለፍን ግን ነጥብ ይቀንሱብናል፤ ያልተጻፈ ግምት አይመረመርምና።

ይኸው ቃል በምዕራባውያን የበዓላት አቈጣጠር የእመቤታችን የዕርገት በዓል ስም ሆኖ ሳገኘው ተደነቅሁ። ሥሩ ላቲን ሲሆን «ወደ ራስ መውሰድ፥ ማንሣት» ማለት ነው። አንዱ ትርጉም አሳብን ያለ ማስረጃ ማንሣት ሆነ፤ ሌላው እመቤታችን በልጇ ሥልጣን ወደ ሰማይ መወሰዷ። ጌታ በገዛ ሥልጣኑ ላረገው ዕርገት እንግሊዝኛው ሌላ ቃል አለው፤ እኛ ሁለቱንም ዕርገት ብንላቸውም ልዩነታቸውን በትምህርት እንጠብቃለን።

የበዓሉን ታሪክ ደግሜ ሳስብ ግን የመጀመሪያው ትርጉም በሁለተኛው ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት። ሐዋርያት ነሐሴ 14 ቀን የእመቤታችንን ሥጋ ቀበሩ፤ ነሐሴ 16 ተነሥታ ዐረገች። ቅዱስ ቶማስ ከሕንድ በደመና ሲመጣ ስታርግ አግኝቷት ሰበኗን ተቀበለ። ኢየሩሳሌም ደርሶ ስለ እርሷ ሲጠይቃቸው ቀበርናት አሉት። እርሱም ያየውን ሰውሮ፥ በጥር ያረፈች በነሐሴ እንዴት ትቀበራለች ብሎ ተከራከረ። መቃብሩ ሲከፈት ባዶ ነበር። ሐዋርያት ሐሰት አልተናገሩም፤ በገዛ እጃቸው ቀብረዋታል። ከቀበሯት በኋላ የሆነውን ግን አላዩም።

አምና የአባላት መዝገብ እኔ ዘንድ ነበር። አንድ የመዝሙር ክፍል ወንድማችን ለወራት ቀረ። ሰልችቶታል፥ ምናልባትም ወደ ሌላ ሄዷል ብዬ ስሙን ሰረዝሁት። ቤቱ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው፤ አልሄድሁም። መቅረቱን አይቼ ነበር፤ ምክንያቱን ግን አላየሁም።

በጾመ ፍልሰታ ለሱባኤ ወደ ግሽ ዓባይ ወጣሁ። (ይህ ምንጭ ለግምት አዲስ አይደለም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ሲደርስ ራሱን የመጀመሪያው አውሮፓዊ ጐብኚ አድርጎ ቈጠረ፤ ፔድሮ ፓኤዝ ግን በ1618 አይቶት ነበር። ባላገሩማ ጥንቱንም በዚያው ነበር።) ጉሙ ገና አልተገለጠም፤ ከጭቃው መንገድ እናቱን በጀርባው ያዘለ ሰው ወደ ጸበሉ ሲወርድ አየሁ። ያ ወንድማችን ነበር።

እናቱን በቀስታ አስቀምጦ፥ «ዲያቆን፥ እንደምን ከረምህ?» አለኝ። እናቱ እግራቸው ከተያዘ ስምንት ወር እንዳለፈው፥ ከእርሱም በቀር የሚያነሣቸው እንደሌለ በአጭሩ ነገረኝ። ከዚያ፥ «ለመስቀል የምታጠኑትን መዝሙር ጀመራችሁ እንዴ? እማዬ ትንሽ ሻል ካላት እደርሳለሁ፤ ቦታዬን ለሰው እንዳትሰጡብኝ» አለ።

እንዳልሰጠን ነገርሁት። እናቱ እጄን ስበው፥ «ልጄ፥ አንተ ነህ መዝገብ የምትይዘው? ሁልጊዜ ያነሣሃል» አሉኝ። የምመልሰው ጠፍቶኝ ጐንበስ ብዬ የጸበሉን ጀሪካን ተቀበልኋቸው።

ስመለስ ስሙን ከሰረዝሁት መስመር በታች እንደገና ጻፍሁት፤ ለንስሐ አባቴም ነገርሁ። ለእርሱ ግን እስካሁን አልነገርሁትም። ለመስቀል ሲመጣ መዝገቡን ከፍቼ ላሳየው አስቤአለሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።