«ውሃው በየት በኩል ነው የሚወጣው?»

እማዬ የሰው ልብስ አጥባ ነው ያሳደገችኝ። ይህን የምላችሁ ሆዳችሁን ላባባ ብዬ አይደለም፤ የማወራችሁ ነገር ሁሉ ከዚህ ስለሚነሳ ነው። ጉለሌ፣ ግቢያችን ጓሮ ካለችው ማድ ቤት ደጃፍ ሳፋዋን ዘርግታ ከጧት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጎንበስ እንዳለች ትውል ነበር። ደብተሬ፣ የትምህርት ቤት ክፍያዬ፣ ለሥራ ፈተና የለበስኩት ሸሚዝ ሳይቀር ከዚያ ሳፋ ነው የወጣው። እኔ ግን፣ እውነቱን ላውጣና፣ ሃያ ሰባት ዓመት እስኪሞላኝ ካልሲዬን እንኳ አጥቤ አላውቅም።

በ2016 ዓ.ም. ወገቧ እምቢ አለ። ሐኪሙ «ከእንግዲህ ጎንበስ ማለት የለም» አላት። ሰምታ ዝም አለች። በማግስቱ ሳፋዋ ጋ ሄዳ ቁጭ!

ታዲያ እኔ ዕቁብ ወጣልኝና ያገለገለች፣ ግን ደህና የሆነች ባለ 7 ኪሎ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ገዛሁ። ያችኑ አሮጌ ማድ ቤት ደግሞ አሳድሼ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ላደርጋት ቆረጥኩ። ግድግዳው ተለሰነ፣ ቀለም ተቀባ፣ ወለሉ ነጭ ሴራሚክ ለበሰ። ጓደኞቼ አይተው «ይሄማ ሆቴል ነው!» አሉኝ። እኔም ደረቴን ነፋሁ።

ሴራሚኩ ከመነጠፉ በፊት እማዬ በሩ ላይ ቆማ አንድ ነገር ጠይቃኝ ነበር።

«ውሃው በየት በኩል ነው የሚወጣው?»

«እማዬ ደግሞ! ማሽኗ ራሷ ታወጣዋለች።»

«ታውጣው፤ አውጥታስ?»

ሳቅኩባት። ዕድሜዋን ሙሉ ውሃ ስትቀዳና ስትደፋ በኖረች ሴት ላይ ሳቅኩባት እላችኋለሁ።

ቧንቧ ሠራተኛ የፈለግኩት ማሽኗ ቤት ከገባች በኋላ ነው። ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ማለት ይሄኔ ነው። አንድ ቀልጣፋ ልጅ አገኘሁ። «ጣጣ የለውም ፍሬንድ!» አለኝ። ከሮቶው የሚወርደውን ቧንቧ ቆርጦ የማሽኗን ጎማ ቀጠለ፤ የማስወጫውን ጎማ ደግሞ ወለሉ ላይ ባለችው አሮጌ የውሃ መውረጃ ቀዳዳ ውስጥ ሰካት። በግማሽ ሰዓት ጨርሶ፣ ሂሳቡን ተቀብሎ እብስ አለ።

ቅዳሜ ጧት 3 ሰዓት ላይ ልብሱን ሞላሁ፣ ኦሞ ጨመርኩ፣ ቁልፏን ተጫንኩና ወደ ጓደኞቼ ሄድኩ። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው። 500 ሊትሩ ሮቶ ግን ሙሉ ስለነበር ምን ሐሳብ አለብኝ!

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስመለስ እማዬ ማሽኗ ፊት ዱካ ላይ ተቀምጣ ትክ ብላ ታያታለች።

«ልጄ፣ ይቺ ነገር ጠጥታ አትጠግብም እንዴ?»

ሮቶው ባዶ ነው። ልብሱ ከመራስ በቀር አልታጠበም። ያ ሁሉ ውሃ በአሮጌው ቀዳዳ ወርዶ፣ ከሥር የተሰነጠቀ ቱቦ ኖሮ፣ በግድግዳው ሥር አልፎ ጎረቤታችን ከሰል ማስቀመጫ ገብቷል። ሴትየዋ ከእማዬ ጋር ሃያ ዓመት ቡና የጠጡ ናቸው። በራችንን ሲያንኳኩ ምን እንደምላቸው ጠፋኝ።

ማታ እማዬ ከእኚሁ ጎረቤት ሁለት ጀሪካን ውሃ ተበድራ፣ ያንኑ ልብስ በሳፋ አጥባ ስታሰጣ አየኋት። በአንድ እጇ ወገቧን ይዛለች። ለእኔ አንዲት ቃል አልተናገረችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ ዕለት ራሷ ሰው ጠራች። ቱታቸውን ለዓመታት ስታጥብላቸው የኖሩ፣ በቧንቧ ሥራ ያረጁ ሽማግሌ ናቸው። ገብተው የዕቃ ሳጥናቸውን እንኳ አልከፈቱም። መጀመሪያ ሮቶውን አዩ።

«ይሄ ከመሬት ስንት ነው?»

«ሁለት ሜትር ተኩል።»

«የማሽኗ መመሪያ ስንት ግፊት ነው የሚጠይቀው?»

ደብተሩን አወጣሁ። ቢያንስ 0.5 ባር ይላል።

«አየህ ልጄ፣ አሥር ሜትር ከፍታ አንድ ባር ነው የሚሰጥህ። ስለዚህ ውሃህ ከማሽኗ አፍ አምስት ሜትር ከፍ ማለት አለበት። ያንተ ሁለትም አይሞላ።» ቀጥለው ወለሉ ላይ የተሰካውን ጎማ በእግራቸው ነካ አደረጉት። «ነዳጅ ከመኪና በጎማ ሲሳብ አይተህ ታውቃለህ? አንዴ ከጀመረ፣ የጎማው ጫፍ ከነዳጁ ዝቅ እስካለ ድረስ ያለማንም ይወርዳል። እዚህም የሆነው ያው ነው። በክር ትጠጣለች፣ በገመድ ትለቃለች። እንዴት ትጠግብ?»

ከዚያ መሮና መዶሻ ወጣ። ወር ያልሞላው ሴራሚክ ሲሰበር ድምፁ ሆድ ዕቃ ውስጥ ነው የሚገባው! ወለሉን ቀደው እስከ ፍሳሽ ጉድጓዱ ድረስ አዲስ ባለ 50 ሚሊ ሜትር ቱቦ ዘረጉ፤ በየሜትሩ ሁለት ሳንቲ ሜትር ዝቅ እያለ። ከማሽኗ ጎን 75 ሳንቲ ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ የሚቆም ቱቦ ተከሉና ከሥሩ ሲፎን አጠፉለት፤ እዚያ ውስጥ የምትቀረው ውሃ ሽታና በረሮ ታግዳለች። የማስወጫው ጎማ በዚህ ቱቦ አፍ ላይ ይንጠለጠላል እንጂ ሥሩ ድረስ አይሰካም። «አፉን በፕላስተር እንዳትጠቀልልብኝ» አሉ፤ «አየር ካጣ ተመልሶ መሳብ ይጀምራል።» ለግፊቱ ትንሽ ፓምፕ አስገዙኝ። ኪሴ የታመመው እዚህ ላይ ነው። ሶኬቱን ለብቻው መስመር፣ ከነ ኧርዙ፣ ከውሃው ራቅና ከፍ አድርገው በሚያውቁት ኤሌክትሪሺያን አሠሩት፤ ማሽኗ ውሃ ስታሞቅ 2000 ዋት ገደማ ትስባላችና።

የመዝጊያው ቧንቧ ላይ ሲደርሱ እኔን ተዉኝና ወደ እማዬ ዞሩ።

«ጎንበስ ሳትዪ፣ ሳትንጠራሪ፣ እጅሽ የት ይደርሳል?»

እማዬ እጇን ደረቷ ትይዩ ግድግዳው ላይ አሳረፈች። በእርሳስ ምልክት አደረጉባት። ቧንቧው እዚያው ተተከለ፤ ከማሽኗ ኋላ ተደብቆ ሳይሆን ከጎኗ፣ በግልጽ። ግድግዳው ከመለሰኑ በፊትም ውሃ ሞልተን አንድ ሌሊት አሳደርነው። አንዲት ጠብታ አልወጣም።

የተሰበረውን ሴራሚክ የሚመስል ዳግም አላገኘሁም። እስከ ዛሬ ወለላችን መሃል አንድ ግራጫ መስመር አለ። ለሚጠይቀኝ «ዲዛይን ነው» እላለሁ።

እናንተም ቤት ልታሳድሱ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ከቀለምና ከሴራሚክ ምርጫ በፊት ጠመኔ ይዛችሁ ግድግዳው ላይ ጻፉ፤ በዚህ ይገባል፣ በዚህ ይወጣል፣ እዚህ ላይ ይዘጋል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያላችሁማ ከእኔ ይብስባችኋል። የእኔ ውሃ የጎረቤት ከሰል አረጠበ፤ የእናንተው የታችኛውን ቤት ኮርኒስ ይዞ ነው የሚወርደው። ደግሞ ውሃ ሄዶ ሲመለስ መጀመሪያ የሚመጣው ቡኒው ነው፤ በሌላ ቧንቧ አፍስሳችሁ ሲጠራ ብቻ ለማሽኑ ልቀቁለት። አለዚያ መግቢያው ላይ ያለችው ወንፊት ትደፈናለች።

እማዬ ማሽኗን ለመልመድ ሁለት ወር ፈጀባት። አሁንም ኮሌታ በእጇ ሳታሽ አታስገባም። የመጨረሻውን ያለቅላቂ ውሃ ማስወጫ ጎማውን አንስታ በርሜል ውስጥ ታጠራቅመዋለች፤ ሽማግሌውን ጠይቃ «አፉ ከፍ ያለ በርሜል ከሆነ ግድ የለም» ብለዋታል። በዚያ ወለል ታጥብበታለች። ይባስ ብላ ሁለት የድሮ ደንበኞቿን መልሳ ያዘች። ተጨቃጨቅን፤ ተሸነፍኩ።

ባለፈው ሐሙስ ሥራ ላይ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ።

«ማሽኗ መሃል ላይ ቆመች» አለችኝ። ክው አልኩ።

«ምን ሆነች?»

«ምንም አልሆነች። ውሃው ሄዶ ሮቶውም አልቆ ነው። ፓምፑን ነቅዬዋለሁ፣ ቧንቧዋንም ዘግቻታለሁ። አንተ ብቻ ስትመጣ ሁለት ጀሪካን ይዘህ ና፤ የጎረቤቴን ልመልስላቸው።»