ፒኑ ያለበት ቀዳዳ

ልጄ ፍኖተ ሰላም ላይ የብረታ ብረት ሥራ ከከፈተች ወዲህ አብዛኞቹ ደንበኞቿ የበቆሎ መፈልፈያ ጊር የተሰበረባቸው ናቸው። «ለፍሬዛዬ ሮታሪ ቴብል ይሻላል ዲቫይዲንግ ሄድ?» ስትለኝ ምን አውቄ! እሷው መለሰችው፤ ቴብሉ ክብ ለመቅረጽ ይመቻል፣ ለጊር ጥርስ ግን ሄዱ። ያደለብኩትን በሬ ሸጬ ሰጠኋት።

የመጀመሪያው ጊር ባለ 28 ጥርስ ነበር። የሄዱ እጀታ 40 ጊዜ ሲዞር ብረቱ አንዴ ይዞራል። 40 ለ28 ሲካፈል፣ ለጡረተኛ የሒሳብ መምህር ቀላል ነው፣ ለአንድ ጥርስ አንድ ሙሉ ዙርና ሦስት ሰባተኛ ይደርሳል፤ ባለ 21 ቀዳዳው ረድፍ ላይ 9 ቀዳዳ ማለት ነው።

ማታ የመጨረሻው ጥርስ ከሌሎቹ እጥፍ በላይ ወፍሮ ወጣ። ደንበኛው ቆሞ እያየ «በሬዬን በላሽው!» አልኳት። ያን ቃል ብመልሰው ደስ ባለኝ። እሷ ግን ሳህኑን ደጋግማ አየችና «አባዬ፣ ፒኑ የተሰካበትን ቀዳዳ አንድ ብዬ ቆጥሬዋለሁ» አለች። ለካ እሱ ዜሮ ነው! በማስመሪያ ሲለኩ ከ1 የሚጀምሩ ተማሪዎችን ስንቱን ተቆጥቻለሁ።

በማግስቱ በርጩማ ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። እሷ ታዞራለች፣ እኔ ጮክ ብዬ እቆጥራለሁ። አንዴ ቀዳዳውን አሳልፋ ብዙ ወደ ኋላ ስትመልሰው ልቆጣ ቃጣኝ፤ የጥርሶቹ ልልነት እንዳያሳስታት ሁልጊዜ ከአንድ አቅጣጫ መድረስ አለባት አሉ። 28ኛው ላይ ስንደርስ ሁለታችንም ዝም አልን።