የጣርማ በር ቁልቁለት በክረምት

ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና በክረምት የሚወርድ መንገደኛ ጣርማ በር ሲደርስ ከቆላው የሚወጣ ጉም ይቀበለዋል። በጣልያን ወረራ ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) የተፈለፈለውን ዋሻ አልፎ ሲወጣ ቁልቁለቱ ይጸናል፤ ገደሉ ግን አይታይም።

ባለፈው ሐምሌ ከልጆቼ ጋር ስወርድ ረጅሙን መብራት ባበራው፥ ብርሃኑ ከጉሙ ተመልሶ ዓይኔን ጋረደው፤ ዝቅ ባደረግሁት ጊዜ የመንገዱ ጠርዝ ታየኝ። ፍሬንም ሳያቋርጡ ቢረግጡት ግሎ መያዝ ይሳነዋልና፥ አውቶሞቢሉን አስቀድሞ በሁለተኛ ማርሽ አድርጎ ሞተሩ እየያዘው መውረድ ይገባል።

ስለዚህ ቤተ ሰቡን ይዞ የሚነሣ ሰው ጎማው አለመላጡን፥ ፍሬኑ፥ መብራቱና የዝናብ መጥረጊያው ደኅና መሆናቸውን አስቀድሞ ይመርምር። ጉሙም ከበረታ ከመንገድ ወጥቶ መቆም አያሳፍርም። እኛም እስኪገለጥ ቆይተን፥ እራት ካለፈ በኋላ ቢሆንም ሁላችን በደኅና ገባን።